ፍርድን በምክንያት ማቆም፦ በሥነ ምግባር ተቋማት ለምርምር ሥራ ስለ ማመልከት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ ያተኩራል። ጉዳዩም የሥነ ምግባር ጥያቄዎችን ለመመርመር በተቋቋሙና ለትርፍ በማይሠሩ ድርጅቶች ውስጥ በተመራማሪነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ለመቀጠር ማመልከቻ ስለ ማስገባት ነው። ከመካከላችሁ በፍልስፍና፣ በሕግ፣ በኅብረተሰብ ጤና ወይም በነርስነት ተመርቃችሁ በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚወጡትን ክፍት የሥራ ቦታዎች የምትከታተሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማስታወቂያዎቹ በዓመት ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ አመልካቾቹ ግን ብዙዎች ናቸው። ከማመልከቻ አንባቢዎች ወገን ተቀምጬ በቆየሁባቸው ጊዜያት የተገነዘብኩትና ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንባቢው በየገጹ የሚፈልገው፣ ቅን ሰዎች በሚለያዩበት ጥያቄ ላይ የማይስማማበትን ወገን ክርክር በሙሉ ጉልበቱ አቅርቦ፣ ከዚያም የራሱን ፍርድ በምክንያት ሊያቆም የሚችል ሰው ነው። ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ለዚህ ሐሳብ ማብራሪያ እንዲሆን ነው።

በመጀመሪያ እነዚህ ተቋማት ከየት እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል። በዘርፉ ከቀደሙት አንዱ የሆነው ሄስቲንግስ ሴንተር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ መሥራቾቹ ፈላስፋው ዳንኤል ካላሃንና የአእምሮ ሐኪሙ ዊላርድ ጌይሊን ነበሩ። ተቋሙ ስሙን ያገኘው በኒው ዮርክ ግዛት በሃድሰን ወንዝ ዳር ካለችው ሄስቲንግስ ከተባለች መንደር ነው፤ በኋላ ደግሞ በዚያው ወንዝ ዳር ወደ ሰሜን ከፍ ብላ ወደምትገኘው ጋሪሰን ተዛውሯል። በዚያን ጊዜ ሕክምና ሐኪም ብቻውን ሊመልሳቸው የማይችላቸውን ጥያቄዎች ማንሳት ጀምሮ ነበር። በ1967 በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት በሃርቫርድ የተሰየመ ኮሚቴ አንጎሉ ሥራ ያቆመ ሰው ሞተ ሊባል እንደሚገባ ሐሳብ አቀረበ፤ የመተንፈሻ መሣሪያም መቼ እንደሚነቀል የሚወስን ሕግ አልነበረም። ፈላስፋና ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ያስገደደው ይህ ሁኔታ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1972 የተስኪጊው ጉዳይ ይፋ ሆነ። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ በአላባማ ግዛት ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶችን ሲከታተል ቆይቷል። ከእነሱ መካከል 399ኙ ቂጥኝ የነበረባቸው ሲሆኑ፣ ፔኒሲሊን የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ በሽታው እስከ ሞት ድረስ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሲባል መድኃኒቱ ተነፍጓቸዋል። ጉዳዩን በውስጥ ሆኖ ከ1966 ጀምሮ ሲቃወም የነበረው የተቋሙ ሠራተኛ ፒተር በክስተን ሰሚ ያገኘው ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ብቻ ነው። በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ያቋቋመው ብሔራዊ ኮሚሽን በ1979 ያሳተመው የቤልሞንት ሪፖርት ለሰው ክብር መስጠትን፣ በጎ ማድረግንና ፍትሕን የምርምር መሠረቶች አድርጎ አስቀመጠ። በእንግሊዝም የነፊልድ ፋውንዴሽን ባለአደራዎች በ1991 የባዮኤቲክስ፣ ማለትም የሕክምናና የሕይወት ሳይንስ ሥነ ምግባር፣ ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ይህ ምክር ቤት በ2002 በታዳጊ አገሮች ስለሚካሄድ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ያሳተመው ሪፖርት እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ለማመልከት የሚያስብ ሁሉ ቢያነበው ይጠቀማል።

ይህን ታሪክ የማነሳው በማመልከቻ ደብዳቤያችሁ እንድትደግሙት አይደለም። አንባቢው ተስኪጊን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ታሪኩ የሚጠቅማችሁ የእነዚህ ተቋማት ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ ስለሚያሳያችሁ ነው። ሥራው ክፉውን ክፉ ብሎ መኮነን ቢሆን ኖሮ ተመራማሪ ባላስፈለገ ነበር። ተመራማሪ የሚያስፈልገው፣ ሁለቱም ወገኖች ለታማሚው እንደሚያስቡ በሚናገሩበት፣ ሁለቱም ማስረጃ በያዙበት፣ ውሳኔ ግን ማዘግየት በማይቻልበት ቦታ ነው። ረዳት ተመራማሪው የሥራ ቀኑን በአብዛኛው የሚያሳልፈው በማንበብና የተነበበውን በመመዘን ነው፤ የሕክምና መጽሔት ጽሑፎችን፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንና የፍልስፍና ክርክሮችን ያሳጥራል፣ የባለሙያዎች ስብሰባ ያዘጋጃል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ረቂቅ ይጽፋል፣ ረቂቁም ደጋግሞ ይመለስለታል። ሄስቲንግስ ሴንተር በ1987 ያወጣውና በ2013 አሻሽሎ ያሳተመው በሕይወት መጨረሻ ላይ ስለሚሰጥ ሕክምና የሚናገረው መመሪያ የዚህ ዓይነቱ ረጅም ሥራ ፍሬ ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻ ደብዳቤው ልግባ። ከአገራችን ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ብዙ ደብዳቤዎች በሥነ ምግባር ፍቅር ይጀምራሉ፦ አመልካቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ለፍትሕ እንደሚቆረቆር፣ ወገኑን ለማገልገል ቃል እንደገባ፣ ድርጅቱም ታላቅና የተከበረ እንደሆነ ይገልጻሉ። ይህ የሚመጣው ከጥሩ ቦታ ነው፤ የአክብሮት ልማዳችን ጉዳይን በምስጋና እንድንከፍት ያስተምረናል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ስለ ሥነ ምግባር የሚጨነቅ ሰው እንዲያመለክት ጠርቷልና ማመልከቻ ያስገባ ሁሉ ይጨነቃል ብሎ አንባቢው አስቀድሞ ተቀብሏል፤ ስለዚህ ያ አንቀጽ አንዱን አመልካች ከሌላው አይለይለትም። በዚያ ምትክ የመጀመሪያው አንቀጽ ተቋሙ ካሳተማቸው ሥራዎች አንዱን ይጥቀስ፤ አመልካቹ በየትኛው ነጥብ እንደተስማማ፣ በየትኛው እንዳልተስማማና ለምን እንደሆነ ይናገር። በተቋሙ ሥራ ላይ ያለንን ልዩነት ለተቋሙ ለራሱ መጻፍ ለብዙዎቻችን ድፍረት ይመስለናል። በዚህ ሙያ ውስጥ ግን በትሕትናና በማስረጃ የቀረበ ልዩነት ጽሑፉ በእርግጥ እንደተነበበ ያሳያል፤ ለደራሲም ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለም።

ከደብዳቤው ይልቅ የሚመዝነው የጽሑፍ ናሙናው ነው። አብዛኞቹ ተቋማት ከጥቂት ገጾች የማይበልጥ ናሙና ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ከመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የቀደሙ ጥናቶችን ቅኝት ቆርጦ መላክ ነው። ቅኝቱ እከሌ እንዲህ አለ፣ እከሊት እንዲህ አለች ይላል እንጂ የጸሐፊው ፍርድ አይታይበትም። ለናሙና የሚሆነው፣ አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ጽሑፍ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ እንዲሆን አንድ እውነተኛ ክርክር ወስጄ እንዴት እንደሚጻፍ ላሳያችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካና በፈረንሳይ የተካሄደ ጥናት ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን መጠን ከ25 ከመቶ ገደማ ወደ 8 ከመቶ ገደማ ዝቅ እንደሚያደርግ አረጋገጠ። የሕክምናው አሰጣጥ ግን ውስብስብ ነበር፤ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ክኒን ትወስዳለች፣ በምጥ ጊዜ መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይሰጣታል፣ ሕፃኑ ለስድስት ሳምንታት ይወስዳል፣ ጡትም አታጠባም። የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ ለአንዲት እናት ወደ 800 ዶላር ይገመት ነበር፤ ይህም ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ለአንድ ሰው ጤና በዓመት ከሚያወጡት ገንዘብ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በአፍሪካ፣ በታይላንድና በካሪቢያን አጭርና ርካሽ የሆነ አሰጣጥ ለመሞከር ተነሡ። በአብዛኞቹ ጥናቶች ውስጥ ግማሾቹ እናቶች መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ደግሞ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን፣ እንዲወስዱ ተደረገ።

በ1997 ፐብሊክ ሲቲዝን በተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ፒተር ሉሪና ሲድኒ ዎልፍ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። መከላከያው እየታወቀ ፕላሴቦ መስጠት ልጆች ሊድኑ ሲችሉ እንዲያዙ መፍቀድ ነው፤ በአሜሪካ የተከለከለ ነገር በድሀ አገር ሊፈቀድ አይገባም አሉ። የመጽሔቱ ሥራ አስፈጻሚ አዘጋጅ ማርሻ ኤንጀልም ጉዳዩን ከተስኪጊ ጋር አነጻጸረችው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ዳይሬክተር ሃሮልድ ቫርመስና የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላት ዳይሬክተር ዴቪድ ሳቸር መለሱ፦ በእነዚህ አገሮች ያለው እውነተኛ ጥያቄ አጭሩ አሰጣጥ አሁን ካለው ባዶ ሁኔታ ይሻላል ወይ የሚል ነው፤ ፕላሴቦ ያለበት ጥናት በትንሽ የሰው ቁጥርና በአጭር ጊዜ ግልጽ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ከዘገየ የሚያዙት ልጆች ይበዛሉ። በኡጋንዳ የኤድስ ምርምር ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት ኤድዋርድ ምቢዴም ጥናቶቹ የአገራችንን ችግር ለመፍታት በእኛው ውሳኔ የሚካሄዱ ናቸው ሲሉ ደገፏቸው። በ1998 መጀመሪያ ከታይላንድ የመጣው ውጤት አጭሩ አሰጣጥ የመተላለፉን መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ፤ ከዚያ በኋላ በሌሎቹ ጥናቶች ፕላሴቦ መስጠት እየቆመ ሄደ።

ይህን ክርክር ለናሙና የመረጠ አመልካች ሁለት ቀላል መንገዶች አሉት፤ ሁለቱም ይጥሉታል። አንደኛው ቁጣ ነው፤ አፍሪካውያን እናቶች መሞከሪያ ተደረጉ ብሎ ጀምሮ በዚያው ይጨርሳል። ሁለተኛው በሁለቱም በኩል እውነት አለ ብሎ ፍርድን መሸሽ ነው፤ ይህ ጨዋነት ይመስላል እንጂ ሥራውን አለመሥራት ነው። ጥሩው ናሙና ጥያቄውን ይከፋፍለዋል። ፕላሴቦ የወሰደችው እናት ከምን ጋር ተነጻጽራ ነው ተጎዳች የሚባለው? ጥናቱ ባይኖር ኖሮ ታገኘው ከነበረው ጋር ነው ወይስ በቦስተን ብትወልድ ኖሮ ታገኘው ከነበረው ጋር? ሁለተኛውን መለኪያ ከመረጥን፣ ያ ግዴታ የተመራማሪው ነው፣ የአገሩ መንግሥት ነው ወይስ የመድኃኒት አምራቹ? ዋጋው 800 ዶላር መሆኑ የተፈጥሮ ሕግ ነው ወይስ ሰዎች የወሰኑት ነገር? አጭሩን ከረጅሙ ጋር ማወዳደር ይቻል ነበር ወይ? ከተቻለስ ውጤቱ አጭሩ ከረጅሙ ያንሳል የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ምንም ለማያገኙት እናቶች ይጠቅማል ወይ የሚለው እንዴት ይታወቅ ነበር? ሴቶቹስ ፕላሴቦ ሊደርሳቸው እንደሚችል በቋንቋቸው ተረድተው ነበር ወይ?

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ የራሴ አቋም አለኝ፤ አልደብቀውም። የቫርመስና የሳቸር ክርክር ስለ ጥናቱ አሠራር ጠንካራ ነው፤ ስለ ዋጋው ግን ዝም ይላል፤ ዋጋውን እንደማይለወጥ ነገር ወስዶ ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ያመዛዝናል። ስለዚህ ጥናቶቹ ከመጀመራቸው በፊት ውጤቱ ጥሩ ከሆነ መድኃኒቱ ለእነዚያ አገሮች በምን ዋጋና በማን ወጪ እንደሚቀርብ በጽሑፍ መታሰር ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ከእናንተ አንዱ ይህንን የሚያፈርስ ናሙና ቢጽፍልኝ ለቃለ መጠይቅ እጠራዋለሁ። ከእኔ ጋር መስማማቱ አይመዘንም፤ የሚመዘነው እኔ የምለውን ከእኔ በተሻለ አቅርቦ ከዚያ የሚወድቅበትን ነጥብ ማሳየቱ ነው።

ወደ ሌላው ሰፊ ጉዳይ ልሻገር። ከኢትዮጵያ የሚመጡ አመልካቾች ከሁሉ የሚበልጠውን ሀብታቸውን በሲቪያቸው ውስጥ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ ይላሉ፣ በዚያው ያበቃል። መረጃ መሰብሰብ ምን እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን። ገበሬ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ገጽ በገጽ የተተረጎመ የፈቃደኝነት ቅጽ ማንበብ፣ ሰውየው ከጽሑፉ ይልቅ የመጡበትን መኪና እያየ እሺ ሲል መታዘብ፣ የቀበሌው ተወካይ አጠገብ ቆሞ ሳለ የሚሰጥ እሺታ ነጻ ነው ወይ ብሎ ማሰብ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት በአውራ ጣታቸው ሲፈርሙ ምን እንደፈረሙ ማረጋገጥ፣ እነዚህ ሁሉ በዓለም ያሉ የባዮኤቲክስ ተመራማሪዎች መጽሐፍ ላይ የሚያነቧቸው ጥያቄዎች ናቸው። እናንተ ግን በሥራ ቦታችሁ አግኝታችኋቸዋል።

ለዚህ የሚሆን ጠንካራ አብነት በአገራችን አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ በወላይታ፣ ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚሠሩ ሰዎችን የሚያጠቃና እግር የሚያሳብጥ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለ የዝሆኔ ዓይነት በሽታ አለ። በሽታው በተወሰኑ ቤተሰቦች ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች የዘረ መል ጥናት ለማካሄድ አሰቡ። ይሁን እንጂ በአካባቢው ታማሚዎች ከጋብቻና ከማኅበር ይገለላሉ፤ በሽታው በዘር ይተላለፋል የሚለው እምነት ደግሞ የጤነኛ ዘመዶችን ጭምር ሕይወት ይነካል። ደም ወስዶ የቤተሰብን ዘር የሚጠይቅ ጥናት ይህንን መገለል ሊያባብስ ይችል ነበር። ተመራማሪዎቹ ቅጹን ወዲያው አሳትመው ከመሄድ ይልቅ በመጀመሪያ አጭር የመስክ ጥናት አድርገው፣ ሰዎቹ ምርምር ሲባል ምን እንደሚረዱ፣ ማንን እንደሚያምኑ፣ ምን እንደሚፈሩ ጠየቁ፤ የፈቃድ አጠያየቁን ሥርዓት የቀረጹትም በዚያ መሠረት ነው። ይህ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ የተባለው አሠራር ከዚያ በኋላ በሌሎች ጥናቶችም ሥራ ላይ ውሏል። የዘረ መል ጥናቱ ራሱ በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ ታተመ።

እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ በዝቅተኛ ደረጃ እንኳ የተሳተፈ ሰው በደብዳቤው አንድ ሙሉ አንቀጽ ሊሰጠው ይገባል። ያየውን ብቻ ይጻፍ፤ ምን ተጠየቀ፣ ሰው እንዴት ተረዳው፣ ቅጹ ከሚለው ጋር የት ላይ ተለያየ፣ እሱ ራሱ ምን አደረገ፣ አሁን ቢሆን ምን ያደርጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የተሳታፊዎችን ስም፣ መንደርና ሌላ ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር አትጻፉ። በምስጢር የተሰጣችሁን መረጃ ለሥራ ማመልከቻ ማስዋቢያ ማድረግ በራሱ የሥነ ምግባር ጥሰት ነው፤ አንባቢውም ወዲያው ያየዋል።

በሌላ በኩል የምታመለክቱበትን ድርጅት እናንተም መመርመር አለባችሁ። ሥነ ምግባር የሚለው ቃል በስሙ ላይ ስላለ ብቻ አንድ ድርጅት ነጻ አይሆንም። የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በአሜሪካ ከግብር ነጻ የሆኑ አብዛኞቹ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ፎርም 990 የተባለውን ሰነድ ያስገባሉ፤ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት ነው። በውስጡ የድርጅቱን ገቢና ወጪ፣ የኃላፊዎቹን ደመወዝ፣ የቦርድ አባላቱንም ስም ታገኛላችሁ። የለጋሾች ስም ግን ብዙውን ጊዜ በይፋዊው ቅጂ ላይ አይወጣም፤ ለዚያ የድርጅቱን ዓመታዊ ሪፖርት ማየት ያስፈልጋል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር የሚጽፍ ተቋም አብዛኛው ገንዘቡ ከቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም፤ ነገር ግን ለጋሹ የማይወደው ግኝት ሲመጣ ማን ይወስናል ብሎ መጠየቅ የአመልካቹ መብት ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩ በ2018 ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በገበያ ላይ የነበሩ የፊት መለያ ሶፍትዌሮች ቆዳቸው የጠቆረ ሴቶችን ፆታ በመለየት እስከ 34.7 ከመቶ ሲሳሳቱ፣ ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 ከመቶ በታች እንደነበረ አሳይተዋል። በታኅሣሥ 2020 በአንድ የምርምር ጽሑፍ ሳቢያ በተነሣ አለመግባባት ከጉግል ወጡ፤ ልክ በዓመቱም ዲስትሪቢዩትድ ኤአይ ሪሰርች ኢንስቲትዩት የተባለውን ገለልተኛ ተቋም መሠረቱ። የመነሻ ገንዘቡም እንደ ፎርድና ማክአርተር ካሉ ፋውንዴሽኖች ተገኘ። ፋውንዴሽንም ቢሆን የራሱ ፍላጎት አለው፤ ቢሆንም ምርምሩ በሚተቸው ኩባንያ ደመወዝ ተከፍሎ ከመሥራት ጋር አንድ አይደለም። አመልካች ይህንን ልዩነት አውቆ ሲገባ በቃለ መጠይቁ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ይለወጣሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ድርጅቱ ስሕተቱን እንዴት ይይዛል የሚለው ነው። በ2007 የተመሠረተውና የበጎ አድራጎት ገንዘብ የት ቢውል ብዙ ሰው እንደሚጠቅም የሚያጠናው ጊቭዌል የፈጸማቸውን ስሕተቶች ዘርዝሮ በይፋ ያወጣል። የዚህ ድርጅት አመዛዘን በቁጥር ላይ ያተኩራል፤ በወላይታ ያየነውን ዓይነት መገለል ግን በቁጥር ማስገባት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ በዘዴው ላይ ጥያቄ አለኝ። ሆኖም ስሕተትን በይፋ የሚጽፍ ድርጅት ተቀጣሪው ሲቃወም የሚሰማ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ጥያቄ አለህ ወይ ሲባል፣ በቅርብ ጊዜ ተቋሙ በማስረጃ ምክንያት አቋሙን የለወጠበት ጉዳይ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። መልስ የሚያጡ ከሆነ ያ ራሱ መረጃ ነው።

የቀሩትን ተግባራዊ ነገሮች በአጭሩ ልለፍ። ብዙ ድርጅቶች ከቃለ መጠይቅ በፊት የሙከራ ሥራ ይሰጣሉ፤ አንድ ጽሑፍ አንብቦ መገምገም ወይም ባለሁለት ገጽ ማብራሪያ መጻፍ ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ሰዓታት በላይ የሚወስድ ከሆነ ክፍያ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ክፍያ የሚሰጡ አሉ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ መጠቀም ይፈቀዳል ወይ የሚለውን መመሪያ አንብቡ፤ ግልጽ ካልሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከተጠቀማችሁም ተናገሩ። መስካሪ ስትመርጡ የትልቅ ባለሥልጣን ስም አትፈልጉ፤ ረቂቃችሁን አንብቦ ያረመ መምህር ስለ አስተሳሰባችሁ ሊናገር ይችላል፤ ስለዚህ ናሙናችሁን ቀድማችሁ ላኩለት፣ ቀነ ገደቡንም አሳውቁት። በአሜሪካ ለሠለጠኑ የውጭ ባለሙያዎች የሚሰጠው የኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ለሚያስፈልጋችሁ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የምርምር ድርጅቶች በዓመት ከተወሰነው የ85,000 ኮታ ውጪ ሊያመለክቱ እንደሚችሉ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሁሉም ድርጅት መስፈርቱን አያሟላም፣ ወጪውንና ሂደቱንም ለመሸከም ሁሉም ፈቃደኛ አይደለም፤ ደንቡም ይለዋወጣልና ቀድማችሁ ጠይቁ።

የቃለ መጠይቁን ነገር ትንሽ ላስፋው፤ እዚያ ላይ ጥሩ አመልካቾች ሲወድቁ አይቻለሁ። ጠያቂው ሆን ብሎ በናሙናችሁ ላይ ከባድ ተቃውሞ ያነሣል። እኛ ከአዋቂ ጋር መከራከርን እንደ ድፍረት ተምረን ስላደግን ሁለት ነገር ይደርስብናል፤ ወይ ልክ ነዎት ብለን አቋማችንን ወዲያው እንጥላለን፣ ወይ ተነካሁ ብለን እንደርቃለን። ጠያቂው የሚፈልገው ሁለቱንም አይደለም። ተቃውሞውን በራሳችሁ ቃል ድገሙት፣ ትክክል ተረድቻለሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ የትኛውን የክርክራችሁን ክፍል እንደሚነካና የትኛውን እንደማይነካ ለዩ። ጊዜ ወስዶ ማሰብ ይፈቀዳል። ይህ ተቃውሞ በዚህ ነጥብ ላይ አቋሜን ይለውጠዋል ማለትም ይቻላል፤ የለወጠው ምክንያት ከተነገረ ከመጽናት አያንስም።

ሥራውን ያላገኛችሁ እንደሆነ ናሙናው አይጠፋም። ሄስቲንግስ ሴንተር ከ1971 ጀምሮ የሚያሳትመውን መጽሔት የመሳሰሉ የሙያው መጽሔቶች አጫጭር ጽሑፎችንም ይቀበላሉ፤ በጥንቃቄ የተጻፈ ናሙና ተሻሽሎ ለሕትመት ሊላክ ይችላል። በኢትዮጵያ ያላችሁ ደግሞ በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ተቋሙ ያሉት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ከሐኪሞችና ከሳይንቲስቶች በተጨማሪ ኅብረተሰቡን የሚወክሉ አባላት እንደሚያስፈልጓቸው እወቁ። እዚያ ተቀምጦ የጥናት ዕቅድ ማንበብ፣ ቅጹ ለገበሬው ይገባዋል ወይ ብሎ መጠየቅና ተቃውሞን በጽሑፍ ማስመዝገብ ለዚህ ሙያ ከሚገኙት ልምምዶች ሁሉ የተሻለው ነው። የናሙና ረቂቅ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ አዳራሽ እቆያለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ አብረን እናነበዋለን።